ጠበቃ ለድኻ ተከሳሽ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የጠበቃ ሥራ ጥፋተኛን በምላስ ማስመለጥ ይመስለዋል። እኛ ግን በእውነት የተደረገ አንድ ሙግት አንሥተን ነገሩን ብንመረምር ይሻላል እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ክላረንስ ኧርል ጊዲየን የተባለ ድኻ የቢልያርድ ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ እንዲቆምለት ዳኛውን ቢለምን፣ የግዛቱ ሕግ ይህን የሚፈቅደው በሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ነው ተብሎ ተከለከለ። ብቻውን ተሟግቶ ተረታና አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከወህኒ ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1963ም ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ሲሉ ወሰኑ።

ይሁን እንጂ ውሳኔው እንደገና ይዳኝ አለ እንጂ ነጻ አላወጣውም። በዚያው ዓመት ሙግቱ ሲደገም ክሱ ያው፣ ዳኛው ያው፣ ዋናው ምስክርም ያው ነበር። አዲስ የመጣው ጠበቃው ፍሬድ ተርነር ነው። ተርነር አስቀድሞ ምስክሮቹን እየዞረ አነጋግሯል። አንድ የታክሲ ነጂ፣ ጊዲየን እንዳሳፈረው ለማንም እንዳይናገር አደራ እንዳለው መሰከረ። ጠበቃውም ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎት ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀው። ነጂው፣ ከሚስቱ ጋር ስለማይስማማ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይል እንደ ነበር መለሰ። ዋናው ምስክርም ለሌቦቹ ዘብ የቆመው እርሱ ራሱ እንዳይሆን አስጠረጠረው። ጁሪ የተባሉት ስድስት ዜጎች አንድ ሰዓት ያህል ተማክረው ተከሳሹን ነጻ ለቀቁት።

እንግዲህ ያዳነው ቀድሞ የተዘጋጀ ጥያቄ ነው። በበላ ልበልሃ ዘመን አባቶቻችን ተጠየቅ እያሉ ሲሟገቱ የጥያቄን ኃይል ያውቁት ነበር።

በአገራችንም የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለድኻ ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ደንግጎ ነበር። የ1987ቱም በአንቀጽ 20፣ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት መብት ይሰጣል። ቃሉ ተጽፏል። ነገር ግን መዝገቡን በችሎቱ ዕለት ጠዋት የሚገልጥ ጠበቃ ቢቆም፣ ተከሳሹ ብቻውን ከመቆም ብዙ አልራቀም። ስለዚህ ሕግ የምናጠና ጓደኞች፣ ከአንደበታችን በፊት እግራችን ለምርመራ ይፍጠን።