እንቅልፍ ሲመጣ ራሱን የሚመታ ሕፃን፦ መቼ ይታለፋል? መቼስ ይታከማል?

ሕፃኑ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ጭንቅላቱን ከፍራሹ ወይም ከአልጋው ፍርግርግ ጋር ደጋግሞ ያጋጫል። ሌላው በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ መላ አካሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዘውዛል፤ ሌላው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያንከባልላል። ድምፁ ከጎን ክፍል ይሰማል፤ ግድግዳ በሚጋሩ አፓርታማዎች ውስጥ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጎረቤትንም የሚቀሰቅስበት ጊዜ አለ። ወላጅ ደንግጦ ሲደርስ ግን ሕፃኑ አያለቅስም፤ ያመመውም አይመስልም። ጠዋት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1905 የቪየናው ሐኪም ዩሊየስ ጻፐርት በሕክምና ጽሑፍ ገልጾታል፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ክሩሼም ስለዚሁ ጉዳይ ጽፏል። ዛሬ ባለሙያዎች ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘ፣ ምት ጠብቆ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ይሉታል። እንቅስቃሴው በሴኮንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል፤ በአብዛኛው ከ15 ደቂቃ በታች ይቆያል። የሚታየውም በተለይ ሕፃኑ ሲያንጎላጅና እንቅልፉ ገና ቀላል ሳለ ነው።

በሕፃናት ዘንድ ነገሩ ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው። በወላጆች ምስክርነት ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ9 ወር ዕድሜ ከግማሽ የሚበልጡ ሕፃናት ከእነዚህ እንቅስቃሴዎች ቢያንስ አንዱን ያደርጋሉ። በ18 ወር ወደ 33 በመቶ፣ በ5 ዓመት ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ሐኪሞች «መታወክ» የሚለውን ስም የሚሰጡት እንቅስቃሴው እንቅልፍን ሲያውክ፣ የቀን ውሎን ሲያበላሽ ወይም አካልን ሲጎዳ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ልማድ እንጂ ሕመም አይደለም፤ ሕክምናም አያሻውም።

ሕፃናት ለምን ይህን ያደርጋሉ? በስፋት የሚነገረው ማብራሪያ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ማለትም የአካልን ሚዛንና እንቅስቃሴ ከሚለካው ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ወጥ የሆነ ውዝዋዜ እንቅልፍ እንደሚጠራ ልጇን አዝላ እሹሩሩ የምትል እናት ሁሉ ታውቀዋለች። የጄኔቫ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት 12 ጎልማሳ ወንዶችን በሚወዛወዝ አልጋ ላይ ለ45 ደቂቃ አስተኝተው፣ ከማይንቀሳቀስ አልጋ ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ለክተዋል። ራሱን የሚወዘውዘው ሕፃንም ያንኑ እርጋታ በራሱ ጉልበት የሚፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን እስካሁን አሳማኝ መላምት እንጂ የተረጋገጠ ምክንያት አይደለም።

ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቀው የሚጥል በሽታ ይሆን የሚለው ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ከአንጎል የፊት ክፍል የሚነሣ የሚጥል በሽታ በእንቅልፍ ውስጥ እንግዳ እንቅስቃሴ ያስከትላልና። ይህ ዓይነቱ በሽታ በድንገት ይጀምራል፤ በአብዛኛው ከሁለት ደቂቃ በታች ይቆያል፤ አካልን ሊያገትር ይችላል፤ በአንድ ሌሊትም ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል። ምት ጠባቂው ውዝዋዜ ግን በአብዛኛው በመኝታ ሰዓት የሚታይ ሲሆን፣ ሕፃኑ ገና ሙሉ በሙሉ ካልተኛ ስሙ ሲጠራ ሊያቋርጠው ይችላል። ሆኖም ልዩነቱን መወሰን የሐኪም ድርሻ ነው። ወላጅ በስልክ የሚቀርጸው ቪዲዮ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ይጠቅመዋል። ጥርጣሬው ካልጠራ ሕፃኑ በእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል አድሮ፣ የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ሞገድ ከቪዲዮ ጋር እንዲመዘገብ ይደረጋል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከመኝታው ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ ወላጆች በቅን ልቦና የሚፈጽሙት አደገኛ ነገር አለ፤ የሕፃኑ ራስ እንዳይጎዳ ብለው አልጋውን በትራስ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በፍርግርጉ ዙሪያ በሚታሰር ስፖንጅ ይሞሉታል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እነዚህ ለስላሳ ነገሮች መታፈንን ስለሚያስከትሉ ከጭንቅላቱ ግጭት እጅግ የከፋ ጉዳት አላቸው። በአሜሪካም በፍርግርግ ዙሪያ የሚታሰረው ስፖንጅ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ታግዷል። በውዝዋዜው ብዛት የአልጋው ብሎኖች ሊላሉ ስለሚችሉ በየጊዜው ማጥበቅ፣ አልጋውንም ከግድግዳ ማራቅ ይገባል። ከሕፃንነት ላለፈ ልጅ ፍራሹን ወለል ላይ ማንጠፍ ቀላልና በቂ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። መቆጣት ግን የሚያመጣው ፋይዳ የለም፤ ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለምና።

ቀጥሎ የሚፈተሸው የመኝታ ሰዓት ነው። ውዝዋዜው የሚበረታው ልጁ ሳይተኛ አልጋ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ስለሆነ፣ እንቅልፉ ሳይመጣ አስቀድሞ ማስተኛት ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ወላጆች በፈረቃ በሚሠሩበትና የመኝታ ሰዓት ከቀን ቀን በሚለዋወጥበት ቤት ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእስራኤል ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ሙከራ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሕክምና ለውጦታል። በስድስት ሕፃናት ላይ የእንቅልፍ ሰዓታቸው ለሦስት ሳምንታት በቁጥጥር እንዲያጥር ተደረገ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ የእንቅልፍ መድኃኒት ታከለበት። በሙከራው ማብቂያ እንቅስቃሴው ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ጠፋ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ስድስት ሕፃናት ጥቂት ናቸው፤ የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድንም አልነበረም። ስለሆነም ያለ ሐኪም ክትትል በቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

መድኃኒት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ጉዳት ለሚያስከትሉ ከባድ ሁኔታዎች ሐኪሞች በአነስተኛ መጠን ክሎናዜፓም ያዝዛሉ፤ ማስረጃው ግን በአብዛኛው ከነጠላ ታካሚዎች ዘገባ የተገኘ ነው፤ በአንዳንዶች ላይም አልሠራም። ለጉንፋን ወይም ለአለርጂ የተሠራ ሽሮፕ ልጅን ለማስተኛት መስጠት ሕክምና ሳይሆን አደጋ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ከውዝዋዜው ጀርባ እንቅልፍን የሚያውክ ሌላ ችግር ይገኛል፦ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ወይም በምሽት እግርን እረፍት የሚነሣ ስሜት። የኋለኛው ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ስለሚያያዝ ሐኪሙ በደም ውስጥ ያለውን ፌሪቲን ሊያስመረምር ይችላል። ያለ ምርመራ የብረት ክኒን መስጠት አይገባም፤ ከልክ ያለፈ ብረት ሕፃናትን ይመርዛልና።

ዕድገቱ የተስተካከለ ልጅ በመኝታ ሰዓት ስለተወዛወዘ ብቻ የኦቲዝም ምልክት አለበት አይባልም። ውዝዋዜው ቀንም የሚታይ ከሆነ፣ ንግግሩ ከዘገየ ወይም ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ከደከመ ግን የዕድገት ምርመራ ማስደረግ ተገቢ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ የሚቀጥል፣ ቁስል የሚያስከትል ወይም ልጁን ቀን ቀን የሚያደክም እንቅስቃሴም ለሐኪም ይቀርባል። ወደ ቀጠሮው የሚሄድ ወላጅ እንቅስቃሴው የጀመረበትን ዕድሜ፣ ሰዓቱንና የሚቆይበትን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል መዝግቦ ቢይዝ ይመረጣል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።