907፦ የጥሪ መንገድና የአምቡላንስ ቁጥር

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ አለ እንበል። ሠራተኞቹ ወደ ውጭ ሲደውሉ በቅድሚያ 9ን፣ ቀጥሎ ሙሉውን ቁጥር ይጫናሉ። በ09 ወደሚጀምሩ ቁጥሮች ይደወላል፤ ወደ 07 ግን አይደወልም። ችግሩ ከምን መጣ?

የቢሮውን የኢንተርኔት ስልኮች ከቴሌ መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ የድምፅ ጌትዌይ ይባላል። ጌትዌይ የተደወለውን ቁጥር ከተጻፉለት ደንቦች ጋር ያመሳክራል፤ የሚገጥም ደንብ ካጣ ጥሪውን አያሳልፍም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ07 በሚጀምሩ ቁጥሮች በአዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ደንብ አያውቃቸውም።

ባለሙያው «907 እና ስምንት አሃዝ» የሚል ደንብ ቢጨምርስ? የሲስኮ ጌትዌይ ወደ መደበኛ የስልክ መስመር ሲያሳልፍ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው፣ በደንቡ በግልጽ የተጻፉትን አሃዞች ይቆርጣል። ስለዚህ ቴሌ ዘንድ የሚደርሰው ስምንት አሃዝ ብቻ ነው፤ የሞባይል ቁጥር ግን ከነ0ው አሥር አሃዝ ነው። 07 ከፊቱ ተመልሶ እንዲቀጠል ማዘዝ ያስፈልጋል።

አሁን ጥሪው ይደርሳል፤ ሥራው ግን አላለቀም። 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር ነው። በድንጋጤ 907 ብቻ የደወለን ሰው ጌትዌዩ ቀሪዎቹን ስምንት አሃዞች እየጠበቀ ያቆየዋል፤ በመጨረሻም ጥሪውን ይጥለዋል። ለ907 ብቻውን፣ አሃዙ ሳይቆረጥ የሚያልፍ ደንብ ቢጻፍ ጥሪው ይወጣል፤ የጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ ግን ሊኖር ይችላል። የተሻለው የውጭ መስመር መጥሪያውን ከ9 ወደ ሌላ አሃዝ መለወጥ ነው።

እንግዲህ ደንብ ስንጽፍ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ምን ይገጥመዋል? ምን ይቆርጣል? የማንን ጥሪ ያዘገያል?