አልለቅ ስላለ የምንጣፍ እድፍ

የቤት ምንጣፍ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ቤት ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ዝተት ይነጠፋል፤ በሌላው የቃጫ ወይም የሰሌን ምንጣፍ ይዘረጋል፤ አቅም ባለው ቤት ደግሞ ከገበያ የተገዛ የፋብሪካ ስጋጃ ይኖራል። አጎዛም አለ። የሁሉም ሥራ ግን ያው ነው፤ እንግዳ ይቀመጥበታል፥ በሽተኛ ጋደም ይልበታል፥ ሕፃን ይድህበታል። ልብስ ሲያድፍ ወዲያው ይታጠባል፤ ምንጣፍ ግን ከባድ ነውና ከነእድፉ ወር ሁለት ወር ይከርማል። ሕፃኑም በዚያው ላይ እየዳኸ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል።

እድፍ አልለቅ ሲል አብዛኛውን ጊዜ በየቤቱ የሚደረገው ሦስት ነገር ነው። አንዷ ውኃ ታፈላለች፤ ሌላዋ አጥብቃ ትፈትጋለች፤ ሦስተኛዋም ከሱቅ ጠንከር ያለ ነገር ታስመጣለች። ሦስቱም ብዙ ጊዜ ጉዳታቸው ያመዝናል። የበግ ጠጉር በፈላ ውኃ ሲነካና ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረም አይመለስም። መፈተግም እድፉን ወደ ውስጥ ይሰደዋል እንጂ አያወጣውም። ስለ ጠንካራው መድኃኒት በኋላ እንነግራችኋለን፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነውና።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ነገሩ እንደ ፈሰሰ ወፈር ያለውን በማንኪያ አንሡ። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ደርባችሁ ጫን እያላችሁ እርጥበቱን አስመጥጡ። ባለ ቀለም ጨርቅ አይሁን፤ የራሱን ቀለም ያጋባል። ከእድፉ ዳር ጀምራችሁ ወደ መካከል ሂዱ፤ ከመካከል ወደ ዳር ከሄዳችሁ የሳንቲም ያህሉ ነጥብ የእንጀራ ያህል ይሆናል። ማናቸውንም ነገር ከመጠቀማችሁ በፊት ደግሞ በማይታየው ጠርዝ ላይ ሞክሩት። የበጉ የተፈጥሮ ቀለም ያለው ዝተት አያስቸግርም፤ የተነከረው ግን ቀለሙን ሊለቅ ይችላል።

ደም፥ ወተትና እንቁላል የሚታጠቡት በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው። እንቁላል በፈላ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚረጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ደምም እንዲሁ ነው። ሙቅ ውኃ ሲነካው ምንጣፉ ላይ ይረጋና ከጠጉሩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ በጨርቅ እየነከራችሁ ደጋግማችሁ አስመጥጡ፤ ጥቂት ጨው ቢገባበት ይረዳል። ደሙ የሌላ ሰው ከሆነ በእጃችሁ ላይ ላስቲክ አድርጉ፤ ቁስል ያለበት እጅ ደም መንካት የለበትም።

ወጥ ሲፈስ ሁለት እድፍ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ቅቤውና በርበሬው። መጀመሪያ ቅቤውን ማውጣት ነው። ዱቄት ነስንሱበትና ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ቅባቱን ይመጥጣል። ከዚያ አራግፉት፤ ሌሊት አታሳድሩት፥ አይጥ ይጠራል። ቀጥሎ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጣችሁ አጥቡት። ፈሳሽ ሳሙና ከሌለ ጥቂት የገላ ሳሙና ፍቆ ማሟሟት ይቻላል። የዱቄት ሳሙናና የአመድ ውኃ ግን ለበግ ጠጉር አይስማሙም፤ ያደርቁታል፥ ሲደጋገምም ይበሉታል። የአልጫ ወጥ ቢጫ እድፍ ከእርዱ የመጣ ነው። እርድ ሳሙና አይፈራም፤ ፀሐይን ግን አይችልም። ቅባቱን ካወጣችሁ በኋላ እድፉ ያለበትን በኩል ለፀሐይ አዙሩት፤ በጥቂት ቀን ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ቡና ወዲያው ከተመጠጠና በውኃ ከታጠበ ብዙ አያስቸግርም። የከረመ ከሆነ 1 እጅ አቼቶ በ3 እጅ ውኃ አቅጥናችሁ ንኩት። የቄጠማ አረንጓዴ እድፍ በውኃ አይለቅም፤ ጠንካራ አረቄ በጨርቅ ነክሮ መንካት ግን ያስለቅቀዋል። አረቄው ለምንጣፉ ነው እንጂ ለአጣቢዋ አይደለም፤ እሳትም አጠገቡ አይኑር። የጧፍ ሰም ከደረቀ በኋላ በቢላዋ ጀርባ ይፋቃል፤ የቀረውንም ጨርቅ ጣል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ ማስመጠጥ ነው። የፋብሪካ ስጋጃ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ክር ስለሚሠራ በካውያ ይቀልጣልና ተጠንቀቁ። ጭቃ ሲሆን ደግሞ አትንኩት። እስኪደርቅ ጠብቁና በመጥረጊያ አራግፉት።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንምጣ። ‹‹የሕፃን ዓይነ ምድር ምን ያደርጋል፤ ወተት ብቻ ነው›› የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። የሕፃን ዓይነ ምድርም እንደ ትልቅ ሰው ዓይነ ምድር በሽታ ያስተላልፋል፤ በተለይ ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞት ከሆነ ለወንድም ለእኅቱ ይተርፋል። ስለዚህ በቅጠል ወይም በአሮጌ ጨርቅ አንሡና ሽንት ቤት ጣሉት፤ ቦታውን በሳሙና ውኃ እጠቡ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። እስኪደርቅ ድረስ ሌሎቹ ልጆች አይቀመጡበት። ያን እጣቢ ውኃ ለመጠጥ በሚቀዳበት ምንጭ ወይም ወንዝ አጠገብ አትድፉ።

የሽንት እድፍ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ከታጠበ ይለቃል። የከረመው ነው የሚያስቸግረው፤ ሽታውም አይጠፋም። ለዚህም ያንኑ የቀጠነ አቼቶ ንኩበትና በውኃ አስለቅልቁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ በሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ! በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። ከአቼቶና ከሎሚ ጋር ሲቀላቀልም እንደዚሁ ነው፤ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይሆናል። አንዲት እናት በጠባብ ቤት በሩን ዘግታ፥ ሕፃን አዝላ፥ በአቼቶ ያጠበችውን ቦታ ‹‹ደግሞ በበረኪና ላጽዳው›› ብትል ምን እንደሚከተል አስቡት። ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ሁሉን ጥላችሁ ከነልጆቹ ወደ ውጭ ውጡ፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንዲያውም በረኪና ለበግ ጠጉር ምንጣፍ ፈጽሞ አይሆንም፤ መጀመሪያ ያቢጨዋል፥ ቀጥሎ ያሟሟዋል።

ቤንዚንና ላምባም የቅባት እድፍ ያስለቅቃሉ ተብሎ ይወራል። ያስለቅቁ ይሆናል፤ ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና መሬት ለመሬት እየተሳበ ምድጃው ድረስ ይደርሳል፥ እሳቱንም ይዞ ይመለሳል። እሳት በሚነድበት ቤት ቤንዚን አይግባ። ደግሞ እነዚህን ነገሮች በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ ክፉ ልማድ ነው፤ የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያይም። ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ወተትም ቢሆን ለማስታወክ ብላችሁ አታጠጡት። ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ልጁን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ዐይኑ ውስጥ ከገባ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እያፈሰሳችሁ እጠቡትና ከዚያ ውሰዱት።

እንዶድስ? ለሚሉ፥ እንዶድ ደኅና ሳሙና ነው፤ አረፋው ከአመድ ውኃ ይልቅ ለጠጉር ይመቻል። ይሁን እንጂ ፍሬው ከተበላ መርዝ ነው፥ ዐይንም ያቃጥላል፤ ከልጆች አርቁት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንዳገኙ የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድል ዓሣውንም ይገድላልና እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት።

‹‹ትናንት የለቀቀው እድፍ ዛሬ ተመልሶ መጣ›› ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። ነገሩ ምትሐት አይደለም። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፥ ምንጣፉ ሲደርቅ ከሥሩ የቀረው ቆሻሻ ከእርጥበቱ ጋር ወደ ላይ ይሳባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሳሙናውን በውኃ ጨርሳችሁ አስለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና አዲስ አቧራ ይይዛል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ አጥፋችሁ በቦታው ላይ አድርጉና ድንጋይ ጫኑበት። ወደ ላይ የሚመጣው ሁሉ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

ማድረቁ ከማጠቡ አይተናነስም። እርጥብ ምንጣፍ በመሬት ላይ ቢነጠፍ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አስም ያለበትን ሰው ያስላል። ስለዚህ ጠዋት አጥባችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲደርስ አድርጉ። ውኃ የጠጣ ዝተት ከባድ ነውና ለሁለት ሆናችሁ አጥር ላይ ስቀሉት፤ የተነከረ ቀለም ያለው ከሆነ ጀርባው ወደ ፀሐይ ይሁን። አጎዛ ከሆነ አይዘፈዘፍም፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ጠጉሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የቃጫ ምንጣፍም ብዙ ውኃ አይወድም፤ ውኃው ራሱ ቡናማ ጥላ ይተውበታል።

ምንጣፉ ውጭ ተሰቅሎ ሳለ ወለሉን አትርሱ። የቁንጫ ትል የሚያድገው ከምንጣፍ በታች ባለው አቧራ ውስጥ ነው። ውኃ ረጨት አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ጥራጊውን አቃጥሉ ወይም ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ፤ የተለቀለቀ ወለል ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቁና አንጥፉ።

ሁለት ጊዜ ታጥቦ፥ ፀሐይ መትቶት፥ አሁንም ነጥቡ ቢታይስ? ተዉት። በሚገባ ታጥቦ የደረቀ ምንጣፍ ላይ የቀረው ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ልጅ አያሳምምም። ዐይናችሁን ካስጠላው ምንጣፉን አዙሩና ያን በኩል ከአልጋ ሥር አግቡት፤ ወይም መሶቡን አስቀምጡበት።