ከቢቸናና ከሞጣ ወርዶ ጣናን ዳር ዳሩን በጀልባ መጓዝ

የቢቸናም የሞጣም ሰው ትልቅ ውሃ የሚያውቀው በዓባይ በረሃ ነው። ሞጣ አጠገብ ያለውን ሰባራ ድልድይ ሰው ለዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። ጣና ሌላ ነው፤ ጠዋት ሲያዩት እንደ ተዘረጋ ሸማ ጸጥ ይላል። በዚህ ጸጥታ የሚታለለው ደግሞ ከሁሉ በፊት እንደኛ ያለው ደገኛ ነው። ስለዚህ ሌላውን ብትረሱ ከቀትር በኋላ የሚበረታውን ነፋስ ሰዓት አትርሱ።

ከሞጣ ባሕር ዳር በአዴት በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች አጣርታችሁ በዋዜማው ግቡና እዚያው እደሩ። በዕለቱ ደርሼ እሳፈራለሁ የሚል ሰው ከቀትር በኋላ ውሃ ላይ ይገኛል።

ጀልባውን ማታውኑ ኮንትራት ያዙ። ከዋጋው በፊት ጀልባውን እዩ። ነጂው ሞተሩን አስነስቶ ያሳያችሁ። መቅዘፊያ፣ መልሕቅ ከነገመዱ፣ የገባ ውሃ መቅጃ ባልዲ መኖሩን አረጋግጡ። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ይሁን፤ ለልጅ በልጅ መጠን። ጃኬቱን ወንበር ሥር አድርጎ መሄድ ካለመያዝ አይሻልም፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ልበሱት፣ ማሰሪያውንም አጥብቁ። ቤንዚኑን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን። ስልክና ገንዘብ በላስቲክ ይጠቅለል። በሶና ቆሎ፣ ለየሰዉም የመጠጥ ውሃ ያዙ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ከሄዳችሁ ጉማሬ ስላለ ነጂው ፍጥነት ይቀንስ፤ ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ ቅረብ አትበሉት። ከዚያ የክብራንንና የእንጦስን ደሴቶች እያያችሁ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ትዘልቃላችሁ፤ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዳርቻው ከዓይናችሁ አይጥፋ፣ ግን ደንገሉንም አትታከኩ፤ እዚያ ድንጋይና የዓሣ መረብ አለ፣ መረብ ደግሞ ሞተር ላይ ይጠመጠማል። በደንገል ታንኳ ላይ ሰው ስታዩ ፍጥነት አስቀንሱ። የእናንተ ሞገድ ለእሱ አደጋ ነው፤ መንገዱም ከእናንተ በፊት የእሱ ነበር።

ስትወርዱ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጀልባው ከታሰረ በኋላ አንድ በአንድ ውረዱ። በባዶ እግር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አትንቦጫረቁ፤ የጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ በሽታ አለበት። ዘጌ ላይ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ሳታዩ አትመለሱ። በቡናውና በጌሾው ጥላ ሥር ያለውን መንገድም ሳትቸኩሉ ሂዱበት፤ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በአባቶች ቃል የተከለከለ በመሆኑ ደኑ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

አሁን ዋናው ነገር። ከ5 ሰዓት ሳያልፍ ፊታችሁን ወደ ባሕር ዳር መልሱ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላም ይበረታል። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ውሃው ሰፊና ጥልቀት የለሽ ሲሆን ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱን ሳታልፉት ሌላው ይደርሳል። እኔ አንድ ጊዜ ቡና ይጠጣ ተብሎ 8 ሰዓት አሳልፈን፣ ባልዲው ከእጄ ሳይወርድ ነው ባሕር ዳር የገባሁት።

ነፋሱ ከያዛችሁ ማንም አይቁም። ሰው ሁሉ ከጀልባው ወለል ላይ፣ መሀል ላይ ይቀመጥ። ነጂው ፍጥነት ቀንሶ ሞገዱን በጀልባው አፍንጫ በኩል ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ይቀበለው እንጂ የጀልባውን ጎን አይስጠው። ሞተር ከጠፋ ወዲያው መልሕቅ ጣሉ፤ ዳርቻው ቅርብ ነው ብላችሁ ግን አትዝለሉ። ወደ ፊት መግፋት ካልተቻለ ዘጌ ተመልሳችሁ እደሩ። ሞጣ ያለው ቤተሰብ አንድ ሌሊት ቢያስብ ይሻላል።

ወደ ደቅና ናርጋ ሥላሴ፣ ከዚያም በሰሜን ጫፍ ወዳለችው ጎርጎራ መሄድ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጌ ይበቃል።

ባሕር ዳር ስትደርሱ ሞተሩ ወደ ላይ ይነሣና መዘውሩ ይታይ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሚባል አረም በግንዱ ቁራጭ ይራባል፤ ተጠምጥሞ ያገኛችሁትን ሁሉ ለቅማችሁ ከውሃው ርቃችሁ ደረቅ መሬት ላይ አስጡት።