ሳይለኩ መቅዳት

የአንድ ገንቦ ውኃ ስኒ ላይ ቢገለብጡት እንደሚፈስ ሕፃንም ያውቃል። ኮምፒዩተር ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። ድራይቨር ማለት ዲስክን ወይም ፕሪንተርን ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ዳታ የሚያቆይበትን የሚሞሪ ቦታ፣ ማለትም በፈር፣ ከከርነሉ ይጠይቃል። በሊኑክስ መጠየቂያው ኬማሎክ ይባላል። ስንጠይቅ አራት ነገር እናስብ።

1ኛ/ ስንት? እያንዳንዳቸው 4 ባይት የሆኑ 1,073,741,825 ቁጥሮች ቢኖሩን ብዜቱ 4,294,967,300 ነው። በ32 ቢት ማሽን ግን ልኩ ከ4,294,967,295 ስለማያልፍ ዞሮ 4 ይሆናል! በ4 ባይት ቦታ ያን ሁሉ ስንጽፍ የጎረቤቱን እናበላሻለን። ብዜቱን ራሱ የሚፈትሸው ኬማሎክ አሬይ ለዚህ ተሠርቷል።

2ኛ/ ተሰጠን ወይ? ቦታ ከታጣ ምላሹ ነል፣ ማለትም ባዶ አድራሻ ነው። ሳንፈትሽ አንጻፍበት።

3ኛ/ መቼ? መሣሪያው በኢንተረፕት ሲጠራን ቆሞ መጠበቅ ክልክል ነው። ስለዚህ ሊያስጠብቅ የሚችለውን ጂኤፍፒ ከርነል ትተን ጂኤፍፒ አቶሚክ እንላለን።

4ኛ/ መለስን ወይ? በኬፍሪ አንድ ጊዜ ብቻ ይመለሳል። ካልመለስን ቦታው ይባክናል፤ ሁለቴ ከመለስን ለሌላ የተሰጠውን እንነጥቃለን።

ይህን የተማርነው ከጥፋታችን ነው። በልምምድ ክፍል አንዱን በፈር ሁለቴ መልሰን ማሽኑ ቀጥ አለ፤ ማሽኑን የምንጋራው የስድስታችንም ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ጠፋ። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይወድቃል፤ ድራይቨር ግን ከርነሉ ውስጥ ስለሚሠራ ሁሉን ይዞ ይወድቃል።

ነገ ሰሌዳ ፊት ስንቆም ተማሪው «ሠራልኝ!» ቢለን፣ «ለካህ ወይ? ፈተሽህ ወይ? መለስህ ወይ?» እንበለው።