ከጉቶ የሚነሣ ደን



የዛፍ ጥቅም ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ማገዶን፣ የቤት መሥሪያ እንጨትንና ጥላን ቀድመን እንጠራለን። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ዛፍ ተቆርጦ ከሚሰጠን ይልቅ ቆሞ ሳለ የሚሰጠን ይበልጣል። በዚህ ትምህርት ይህንኑ እንመለከታለን።

ደን ለአፈርና ለውሃ

ዝናብ በተራቆተ ተራራ ላይ ሲወርድ አፈሩን እየመታ ይፈታዋል፤ ውሃውም ወደ ውስጥ ሳይሰርግ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋም የምንጭ መድረቅ ይከተላል። በደን በተሸፈነ ስፍራ ግን ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ያበርዳል፤ የረገፈው ቅጠል ውሃውን ይይዛል፤ ሥሩም አፈሩን አጥብቆ እየያዘ ለውሃው መግቢያ ይከፍታል። እንግዲህ ተራራው ሲራቆት የሚጎዳው በግርጌው ያለው እርሻም ጭምር ነው።

ከሁምቦ የምንማረው

በወላይታ፣ በሁምቦ የሚገኙ ተራሮች ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተራቁተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ነዋሪዎቹ በዎርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው ደኑን ለመመለስ ተነሡ። የሚያስደንቀው፣ አብዛኛው ደን የተመለሰው በችግኝ ተከላ አለመሆኑ ነው። ዛፎቹ ቢቆረጡም ሥራቸው ከመሬት በታች ሕያው ነበር፤ ነገር ግን ጉቶው ባቆጠቆጠ ቁጥር ከብት ይግጠው፣ ሰውም ይቆርጠው ነበር። ከብት እንዳይገባ ተደርጎ፣ ጠንካራዎቹ ቀንበጦች ተመርጠው የቀሩት ሲከረከሙ፣ ያ የተናቀ ጉቶ ዳግመኛ ዛፍ ሆነ።

ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ

«ተራራው ከተከለለ ከብቴን የት ላሰማራ? ማገዶስ ከየት ላምጣ?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። በተለይ ማገዶ ተሸክመው ረጅም መንገድ ለሚጓዙ እናቶች መልስ ሳይሰጡ «ደን ጠብቁ» ማለት በችግራቸው ላይ ችግር መጨመር ነው። በሁምቦ ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ከተከለለው ስፍራ ሣር አጭደው ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ፤ ከሚከረከመው ቅርንጫፍ ማገዶ ያገኛሉ። ዛፎች ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚወስዱም፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዝግቦ ማኅበራቱ ለዚህ አገልግሎት ክፍያ አግኝተዋል። ደኑ የተጠበቀው ጠባቂዎቹም ከእርሱ ተጠቃሚ ስለሆኑ ነው።

ምን እናድርግ?

ችግኝ መትከል መልካም ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን በአካባቢያችን ያለውን ጉቶ እንመልከት፤ ሥሩ ሕያው ከሆነ ከአዲስ ችግኝ ፈጥኖ ያድጋልና። መትከል ግድ በሆነበትም ስፍራ ዛፉን ከቦታው ጋር እናስማማ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ቢጠቅምም ብዙ ውሃ ስለሚስብ ከምንጭ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል፤ በዚያ እንደ ዋንዛ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ይሻላሉ። ተክሎ መተው ግን ችግኙንም ድካሙንም ማባከን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከቀድሞው ይልቅ ውሃው የቀነሰ ምንጭ አለን? በላዩ ያለው ተራራስ ምን ይመስላል?

2. ቢከለል ሊያቆጠቁጥ የሚችል ጉቶ ያለው የትኛው ስፍራ ነው?

3. ያ ስፍራ ቢከለል በመጀመሪያ የሚቸገረው ማን ነው? እንዴትስ ልንረዳው እንችላለን?