የአሮጌው ካሚዮን ሻንሲ

ብረት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጠላት አለው። ጠላቱም ዝገት ነው። ዝገት የሚወለደው ብረትና ውኃ፥ በአየርም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን፥ ሦስቱ በተገናኙ ጊዜ ነው። ውኃው ጨው ያለበት እንደ ሆነ ዝገቱ እጅግ ይፈጥናል። በዚያን ጊዜ ብረቱ ተለውጦ ቀይ አፈር የመሰለ ትቢያ ይሆናል። ይህም ትቢያ ከተወለደበት ብረት ይልቅ ብዙ ስፍራ ይይዛል፤ ስለዚህ በሁለት ብረቶች መካከል የገባ ዝገት እንደ ሽብልቅ ሆኖ ያለያያቸዋል።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ የምትገኘው አዳማ፥ ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው፥ የካሚዮን መተላለፊያ ከተማ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ አልፎባታል፤ ወደ አሰብ የሚወርደውም የመኪና መንገድ በእርሷ በኩል ነው። ወደ መቂ፥ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ የሚሄደው መንገድ ደግሞ በአጠገቧ ካለችው ከሞጆ ይገነጠላል።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወርሮ በነበረበት ጊዜ፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ብዙ የፊያት ካሚዮኖች ወደ አገር ገቡ። ከእነርሱ አንዱ ፊያት 634 ነበረ፤ የአገሩ ሰው የቍጥሩን መጨረሻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ በኢጣሊያ ቋንቋ 34 ማለት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ «ኤንትሬ» ተባለ። ወራሪው ተባርሮ ወጣ፤ ካሚዮኖቹና ቃሎቹ ግን ቀሩ። ዛሬም በጋራዥ ውስጥ ባሌስትራ፥ ዳዶና ካሶኒ የሚል ሰው ሳያውቀው ኢጣሊያንኛ ይናገራል።

በአዳማ ዳር በአንድ ግቢ ውስጥ፥ ከግራር ዛፍ በታች፥ አንድ ኤንትሬ ለብዙ ዓመት ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ሹፌር ነበረ። የኢትዮጵያ ጨው ከአሰብ ይመጣ በነበረበት ዘመን፥ ይኸውም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፥ ጨው ሲያመላልስ ኖሮ ሞተ። ሚስቱና አንድ ልጁ ቀሩ። ልጁም አድጎ ሹፌር ሆነ፤ ለሰው ተቀጥሮ እየነዳ ጥቂት ገንዘብ ባጠራቀመ ጊዜ የአባቱን ካሚዮን አድሶ ለራሱ ሊያድር አሰበ። እናቱም የወርቅ ጌጧን ሸጣ ልትጨምርለት ቈረጠች። እንግዲህ የቤቱ ሀብት ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሻንሲው ይድናልን ወይስ አይድንም?

ሻንሲ የካሚዮን አከርካሪ ነው። ካቢናውም ሞተሩም ካሶኒውም በእርሱ ላይ ይቀመጣሉ። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉት፤ እነዚህም በመካከላቸው በተጋደሙ አጫጭር ብረቶች እንደ መሰላል ተያይዘዋል። ሞተር ቢበላሽ ይለወጣል፤ ጎማ ቢያልቅ ይገዛል። ሻንሲ በመንገድ ላይ ቢሰበር ግን ጭነቱም ሰውም አብሮ ይወድቃል።

አስቀድሞ አንድ በያጅ መጥቶ አየውና፥ «ይህ ቀላል ነው፤ በሦስት ቀን ዝገቱን ፍቄ፥ የተበሳውን በላሜራ ሸፍኜ፥ ጥቁር ቀለም ብቀባው አዲስ ይመስላል» አለ። ልጁ ደስ አለው። እናቱ ግን፥ «አዲስ ይመስላል አለ እንጂ አዲስ ይሆናል አላለም» ብላ ባሏ ያምነው የነበረውን ሽማግሌ መካኒክ አስጠራች።

ሽማግሌው በመጣ ጊዜ ስለ ዋጋ አልተናገረም። በመጀመሪያው ቀን ጭቃውን በውኃ አስጠብቦ የቀረውን በሽቦ ብሩሽ ሲያስፍቅ ዋለ። ልጁም፥ «አባቴ፥ ይህ ሁሉ ዝገት ነው፤ ምን ተስፋ አለው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ ብረቱን አሽቶ ቀይ ዱቄት አሳየውና፥ «ይህ የቆዳ ላይ እከክ ነው፥ ልጄ፤ ሲፈቅቁት ከሥሩ ጤነኛ ብረት ይወጣል። የሚያስፈራው እንደ ቅጠል እየተነባበረ የሚላጠው ነው» አለ።

በማግሥቱ ትንሽ መዶሻ ይዞ ከሻንሲው ጫፍ እስከ ጫፍ በየስንዝሩ እየመታ ያዳምጥ ጀመር። ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተበላው ግን እንደ ተሰነጠቀ ጋን ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ በታፈነበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ በሾለ ብረትም ወጋው። ቀኙ ብረት ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። ግራው ከካቢናው በስተ ኋላ ሲደርስ ዝም አለ።

ከዚህም በኋላ የብረቱን ውፍረት ለካ። ጤነኛው ቦታ 8 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ ዝም ያለው ቦታ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም። «ባትሪው በዚህ በኩል ነበረ፤ አሲዱ ይንጠባጠብ ነበር። ከላይ ደግሞ የጨው ውኃ ይወርድ ነበር» አለ። የሟቹ ሹፌር የዕለት እንጀራ ካሚዮኑን ቀስ በቀስ ሲበላው ኖሯል።

ሻንሲው ተጣምሞ እንደ ሆነ ለማወቅ ደግሞ ከአራቱ ማዕዘን ቱንቢ አወረደ፤ ቱንቢው መሬት በነካበትም ቦታ ምልክት አደረገ። ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ፥ ከፊት ግራም ወደ ኋላ ቀኝ ገመድ አስወጥሮ ሁለቱን ርዝመት አስተያየ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ከበለጠ ግን ሻንሲው ተንጋድዷል። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አላለፈም። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ በራ።

ዐይን የማያየው ስንጥቅ ግን ገና ቀርቶ ነበር። ሽማግሌው ባሌስትራው በሚያዝበት ቦታ ላምባ ቀባ፤ ጥቂት ጠብቆ በጨርቅ አድርቆ ጠረገውና የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሰበት። ላምባ ወደ ቀጭን ስንጥቅ ሁሉ ይገባልና ኋላ ተመልሶ ሲወጣ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በነጩ ጠመኔ ላይ ከቡሎኑ ቀዳዳ የሚነሣ ጣት የሚያህል ጥቁር መስመር ታየ። ሽማግሌውም አልደነገጠም፤ «የስንጥቁ ጫፍ በመሰርሰሪያ ሲበሳ መሮጡን ያቆማል፤ ከዚያም ይበየዳል፤ ብረቱ በዚህ ቦታ ወፍራም ነውና ይሸከመዋል» አለ።

በመጨረሻው ከካቢናው በስተ ኋላ ወዳለው ወደዚያ ዝም ወዳለው ቦታ ተመለሰ። በዚያ ከብዙ ዘመን በፊት ማጠናከሪያ ብረት ተደርቦበት ነበር። የያዙትን ምስማሮች ራስ በመሮ ቈርጦ ድራቢውን ባነሣው ጊዜ በእፍኝ የሚታፈስ ጥቁር ትቢያ ወደ መሬት ፈሰሰ። ሦስቱም ዝም አሉ።

ልጁ ቀድሞ ተናገረ፤ «ሌላ ብረት ደርበን ብንበይደውስ?» አለ።

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ የሸንበቆ ዘንግ በጉልበቱ ላይ አጐበጠ። «ተመልከት፤ ዘንግ ሲጐብጥ የላዩ ወገን ይጨመቃል ወይስ ይለጠጣል? ከላይ ሸክም ስጭንበት ላዩ ይጨመቃል፥ ታቹ ይለጠጣል። ሻንሲም እንዲሁ ነው። ካሚዮኑ ጕድጓድ በገባ ቍጥር የታችኛው ጠርዝ ይሳባል። አንተ የምትበይደው ብረት ዳርና ዳሩን የሚይዝለት ጤነኛ ብረት ይፈልጋል፤ እዚህ ግን የሚይዘው ትቢያ ነው። የብየዳውም እሳት የቀረውን ስስ ብረት ይበላዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ያማረ ይሆናል፤ አንድ ቀን እህል ጭነህ ቍልቍለት ስትወርድ ይሰበራል። በላዩም ረዳትህ ይኖራል» አለው።

የሽማግሌው ጋራዥ በዚያ ወር ሥራ አልነበረውም። «ይበየዳል» ቢል ኖሮ የወርቁን ዋጋ እኩሌታ ይወስድ ነበር፤ ሻንሲውም አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ይቆይ ነበርና ማንም አይከሰውም ነበር።

እናቲቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፥ «እንግዲህ ሞተ ይሉኛል?» አለች።

«የለም፥ እኅቴ፤ ሙሉ አካሉ አልሞተም። ቀኙ ብረት ጤነኛ ነው፤ መካከለኞቹም ብረቶች ጤነኞች ናቸው፤ ማዕዘኑም አልተናጋም። የሞተው ግራው ነው። የዚሁ ዓይነት ካሚዮን፥ የተገለበጠ ወይም ሞተሩ የሞተ፥ ከተገኘ ግራ ብረቱን ፈትተን እናመጣለን፤ ይህን አውጥተን ያንን እንተካለን። ቀዳዳው ከቡሎኑ ጋር ሳይላላ እንዲገጥም ይደረጋል። ብዙ ድካም አለው፤ ዋጋው ግን የልጅዎን ገንዘብ አያልፍም። ወርቅዎን አይሽጡ። ጤነኛ ግራ ብረት ካልተገኘ ደግሞ ሞተሩንና ማርሹን ሸጣችሁ ሻንሲውን ለቍርጥራጭ ስጡት» አላቸው።

ልጁ በዚያች ሌሊት አልተኛም። አባቱ የነዳው ካሚዮን በሰው እጅ ተቈራርጦ ሲሸጥ በዐይነ ኅሊናው ይታየው ነበር። ሲነጋ ግን ወደ ሽማግሌው ሄዶ ትንሹን መዶሻ ለመነው። ሁለቱም አብረው ወደ ሞጆ ሄዱ። በዚያ ሁለት አሮጌ ኤንትሬዎች አገኙ፤ የአንዱ ሻንሲ በአደጋ ተጣምሟል፥ የሁለተኛው ግራ ብረት እንደ እነርሱው የተበላ ነበረ። በመቂ ምንም አላገኙም።

በሻሸመኔ ከአንድ ወፍጮ ቤት በስተ ኋላ ሦስተኛው ቆሞ ነበር። ሻንሲው አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጭ ነበር። ሻጩም ዋጋውን እጅግ ዝቅ አድርጎ፥ «ለእናንተ ስል ነው» አለ። ሽማግሌው ከሩቅ ቆሞ ምንም አልተናገረም። ልጁ በግራው ብረት አጠገብ ተንበረከከ፤ በየስንዝሩ መታ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ከካቢናው በስተ ኋላ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መታ። ከዚያም ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና፥ «ጌታዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህም ዝም ይላል» አለ።

በአምስተኛው ቀን ከዝዋይ ዳር፥ ጭድ በተከመረበት ግቢ ውስጥ፥ አራተኛውን አገኙ። ቀለም አልነበረበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበረ፥ ዶሮዎችም ሰፍረውበት ነበር። ልጁ በመታው ጊዜ ዶሮዎቹ ደንግጠው በረሩ፤ ግራው ብረት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸ።